መነጽሩን በስፌት መኪናዎ መሳቢያ ለደበቁት አበልጄ

ደብረ ማርቆስ፣ የካቲት 23 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለክብርት ወይዘሮ ዘመናይ
የሃያ አንድ ማርያም ማኅበራችን ሰብሳቢ፣ ስመ ጥር ልብስ ሰፊ፣ የልጄ የማርያማዊት የክርስትና እናት
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ልጄን ከእኔ ቀድመው ስላወቁብኝ የቀረበ አቤቱታ

ክብርት ሆይ፤

በቅድሚያ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የስፌት መኪናዎና ሰው ሲያወራ የማይሰለቸው ጆሮዎ በጾሙ እንደምን ከረማችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ከሥጋውም ከወተቱም ጾሜያለሁ፤ ከቅናት መጾም ግን አቅቶኝ ይኸው ለመጻፍ ተቀምጫለሁ። ለሃያ ዓመት «አንቺ» ስልዎት ኖሬ ዛሬ በድንገት «እርስዎ» ማለቴ ከአክብሮት ብዛት የመጣ መሆኑን እንደሚረዱልኝ አልጠራጠርም።

እንደሚያውቁት እንጀራዬ ማመልከቻ መጻፍ ነው። መናኸሪያው አጠገብ ባለችው ፎቶ ኮፒ ቤቴ ተቀምጬ ከቁይ የድንበር ክርክር ይዞ ለመጣው ገበሬ፣ የልደት ወረቀቷ ጠፍቶባት ከመርጡለ ማርያም ለመጣችው ልጅ «ለሚመለከተው ሁሉ» እያልኩ ስጽፍ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን ለራሴ አንዲት አቤቱታ ጽፌ አላውቅም፤ በማን ላይ እንደምጽፍ አላውቅም ነበርና። እርስዎ ይህን ችግሬን ስላቃለሉልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ደብዳቤውን በማኅበራችን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የለጠፍኩትም ስድሳ አራቱ እህቶቻችን እንዲያነቡት ብዬ ነው፤ በአደባባይ እልል የተባለበት ነገር መልሱም በአደባባይ ቢሆን ይሻላል። የእልልታው ጉዳይ ከታች በአራተኛ ተራ ቁጥር ይመጣል።

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት ግን እህቶቻችን ነገሩን ከሥሩ እንዲረዱት የሆነውን ላስረዳ።

ባለፈው ጥቅምት ልጄ ማርያማዊት አሥራ አንደኛ ክፍል እንደገባች ሰው ሁሉ እየመጣ ይከሰኝ ጀመር። «ልጅሽ ጠግባለች፤ በፊታችን አልፋ ትሄዳለች፤ ሰላምታ ነሳችን» አሉኝ። ከሳሾቹ ከእናንተው መካከል ስለሆኑ ስም አልጠራም። የባለቤቴ አክስት ከደጀን ለጥየቃ መጥተው አደባባዩ ላይ ማርያማዊትን ቢያገኟት፣ ዓይኗን ዓይናቸው ላይ ተክላ እንደማያውቁት ሰው አለፈቻቸው። አክስትዬው ቤት ገብተው ነጠላቸውን ሳያወርዱ አለቀሱ። በእኛ አገር ልጅ ከጓዳ ቢሰርቅ «ርቦት ነው» ይባልለታል፤ ሽማግሌን ሰላም ሳይል ካለፈ ግን «አሳዳጊ የበደለው» ይባላል፤ አሳዳጊዋ ደግሞ እኔ ነኝ። በዚያው ሰሞን በፊዚክስ ሰማንያ ታመጣ የነበረችው ልጅ አርባ ሁለት ይዛ መጣች። ቤት ስትገባም ስልኳን አፍንጫዋ ላይ ለጥፋ ነው የምትውለው። እኔም እንዳላይባት እየደበቀችኝ ነው ብዬ ደመደምኩ።

አንድ እና አንድ ደመርኩ፤ መልሱ ወንድ ልጅ መጣ። በዚያች ስልክ ውስጥ ልጄን ያጠገበ፣ ሰላምታ ያስረሳ፣ ፊዚክስ ያስጣለ አንድ ጎረምሳ እንደተቀመጠ በማርያም ስም ለመማል ምንም አልቀረኝም ነበር። ባለቤቴ መሳፍንት፣ ከዚህ ደጀን አውቶቡስ ሲያመላልስ የሚውለው ሰው፣ «እስቲ ልጅቷን ጠይቂያት» ብሎኝ ነበር። ሾፌር ስለ ልጅ አስተዳደግ ምን ያውቃል ብዬ ናቅሁት። ይልቁንም ከሱቄ ጎን ስልክ የሚጠግነውን ዓለምነውን አማከርኩት። «ስልክሽን ዓለምነው ያጽዳልሽ» ብዬ ተቀበልኳት፤ አሥር ደቂቃም አልፈጀ፣ የእሷ ቴሌግራም እንዳለ የእኔ ስልክ ላይ ተከፈተ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ለእሷ የሚደርሳት ሁሉ ለእኔም ይደርሰኛል፤ የምትልከውንም አያለሁ። ልጄን እያመንኳት ነው የምጠብቃት እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ሁለት ወር ሙሉ ጎረምሳ ፈለግሁ። ያገኘሁት አንድ የኬሚስትሪ ደብተር የሚለምን ልጅና ባልተጠየቀበት የኳስ ውጤት የሚልክ ሌላ ልጅ ብቻ ነበር። ለደብተር ለማኙ ልጄ «ራስህ ጻፍ» ብላዋለች፤ ለኳሱ አልመለሰችለትም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። የእርስዎ ስም ሁልጊዜ ከላይ ሁለተኛው ላይ ነበር፤ ግን ጽሑፍ የለበትም፣ ሁሉም በድምፅ ነው፤ እጅዎ ከመርፌና ከክር ስለማይለይ በድምፅ መላክ እንደሚወዱ አውቃለሁ። እኔ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ባለጉዳይ ፊት ድምፅ መክፈት አልችልም፤ ብችልም የአበልጅ መልእክት ምክር እንጂ ምን ይሆናል ብዬ አልፌው ነበር። ወንዶቹን ስቆጥር የክርስትና እናቷን ዘለልኳት።

በየካቲት መጀመሪያ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ባለጉዳይ ጠፋ። በሩን ገርበብ አድርጌ፣ እንዲያው ሥራ ከመፍታት ብዬ፣ ከእርስዎና ከልጄ ድምፆች አንዱን ነካሁት። አሳ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንዲሉ ነው። አቤቱታዬም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፦ ስለ ሳቋ።

መጀመሪያ የሰማሁት ቃል ሳይሆን ሳቅ ነው። ማርያማዊት ስትስቅ መጀመሪያ ትንፋሽ ያጥራታል፣ ቀጥሎ በአፍንጫዋ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይ «ወይኔ ሆዴን» ትላለች። ይህን ሳቅ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ሰባተኛ ክፍል ሳለች፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ተበላሽቶ የአባቷን መንጃ ፈቃድ ፎቶ አርባ ጊዜ ደጋግሞ ያተመ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ፈገግታ እንጂ ሳቅ የለም፤ አድጋ ነው፣ ጨዋ ሆና ነው እያልኩ ለሰው አወራ ነበር። ለካ ሳቁ አልቆመም፤ አድራሻ ነው የቀየረው። መንገድ ተሻግሮ ከእርስዎ ቤት ገብቷል።

ቅናት ቁጥር ስለሚወድ ቆጠርኩ። በሦስት ወር ልጄ ለእኔ ለወለድኳት ሠላሳ ሰባት መልእክት ልካልኛለች። ከእነዚህ ውስጥ ሃያ ዘጠኙ «እሺ»፣ አምስቱ «መጣሁ»፣ ሦስቱ «ካርድ» ይላሉ። ለእርስዎ የላከችውን ለመቁጠር ጀምሬ ጣቴ ደከመኝ። አንዱ ብቻ ሰባት ደቂቃ ነው። በሰባት ደቂቃ ውስጥ ስለ ፊዚክስ መምህሯ ጫማ፣ ስለ አየችው ሕልም፣ ስለምትፈራው ነገርና ስለ አንዲት ድመት ነግራዎታለች። እኔ ድመት እንደምትወድ አላውቅም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባላል፤ ልጥ ሲነከርብኝ ከርሞ ለካ ሰው ሁሉ የሚጠመቀው እርስዎ ዘንድ ኖሯል። ሳቋን ሳይበላሽ፣ ሳይቆሽሽ፣ ሰባተኛ ክፍል እንደተውኩት አድርገው ስላቆዩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ስለ መነጽሩ።

ክብርት ሆይ፣ እኔ ከሳሾቼን ሁሉ በቡና ቁርስና በይቅርታ ስሸኝ ከርሜ፣ ልጄ እርስዎንም ሰላም ሳትል እንዳለፈችዎት አንድም ቀን አልነገሩኝም። እንደ ሌላው ሰው ቤቴ መጥተው «ልጅሽ ጠግባለች» ማለት ሲችሉ፣ ይህን የተለመደ ወግ ትተው ልጅቷን ጠርተው «አላየሽኝም እንዴ?» ብለው ጠየቋት። «አላየሁሽም እምዬ» አለችዎት። ከዚያም ከመንገዱ ማዶ ቆመው ጣትዎን ቀስረው «ይኼ ስንት ነው?» ቢሏት፣ «እጅሽ የታለ?» አለች። ልጄ ሰው መናቋ ሳይሆን ሰው አለማየቷ ኖሯል። ሰሌዳውም፣ አክስትዬውም፣ ፊዚክሱም ለእሷ አንድ ዓይነት ጭጋግ ነበሩ። ስልኩንም አፍንጫዋ ላይ የምትለጥፈው ከእኔ ለመደበቅ አልነበረም።

በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ለሰንበት ትምህርት ቤት ነው ተብዬ ሸኝቻት፣ እርስዎ ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። መነጽር ተሠራላት። ያ መነጽርም በስፌት መኪናዎ መሳቢያ ውስጥ ከክር ጥቅልሎች ጋር ሰባት ሳምንት አደረ። ጠዋት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ እርስዎ ዘንድ ጎራ ብላ ታደርገዋለች፣ ማታ ስትመለስ ታስቀምጠዋለች። እኔ ደግሞ በጠዋት ከቤት መውጣቷን አይቼ «ትምህርት ወደደች» እያልኩ ለጎረቤት አወራ ነበር። ጎረቤቶቼም ከእርስዎ ቤት ስትወጣ በመነጽር እያዩዋት አንዳቸውም አልነገሩኝም፤ ለክስ የነበራቸው ፍጥነት ለምስራች አልሠራም።

ለምን ከእኔ እንደደበቀችው በራሷ ድምፅ ሰማሁ። «እማዬ ከስልክ ነው ትለኛለች፤ ስልኬን ትቀማኛለች፤ ከዚያ ጠበል ትወስደኛለች» አለችዎት። ውሸት ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ! ነገር ግን በኅዳር ራሴን አመመኝ፣ ዓይኔን ቆጠቆጠኝ ስትል የሰው ዓይን ነው ብዬ ከትምህርቷ አስቀርቼ ሰባት ቀን ጠበል አስጠምቄያታለሁ። የሚያጠምቁት አባት ራሳቸው ጫፉ በክር የታሰረ ወፍራም መነጽር አድርገው፣ ልጄን ትክ ብለው አይተው፣ «ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው ልጄ» አሉኝ። እኔ ለሁሉም ሰው የሚባል ስብከት መስሎኝ አሜን ብዬ ተመለስኩ። እርስዎ ግን ሳይሰብኩ፣ ሳያጠምቁ፣ ጣትዎን ብቻ አንሥተው ልጄን አዳኑብኝ። ሰው እንዲህ ያለ ነገር በአበልጁ ላይ ያደርጋል?

ሦስተኛ፦ ተሰርዟል። ምክንያቱ ከታች ይገለጻል።

አራተኛ፦ ስለ እልልታዎ።

ልጄን ከጠበል እንደመለስኩ ለእመቤቴ ስለት ተሳልኩ፤ ውጤቷን ከመለሰችልኝ ጥላ ላስገባ። ከገና በኋላ በተሰጠው ፈተና ማርያማዊት በፊዚክስ ሰማንያ ስድስት አመጣች። እግሬ መሬት አልነካም። ዘርፉ ወርቅማ የሆነ ቀይ ከፋይ ጥላ አሠርቼ ጥር ሃያ አንድ ቀን፣ ያ ሁሉ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ተሸክሜ ገባሁ። እርስዎ አጠገቤ ነበሩ። እልልታዎ ከሁሉም በላይ ነበር፤ ካህናቱ ሳይቀሩ ዞረው አይተዋል። ልጄ ደግሞ በሌላ ጎኔ ቆማ፣ ያለ መነጽር፣ ጥላውን በጭጋግ እያየች ታጨበጭብ ነበር። ሁለታችሁም እያወቃችሁ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ የማያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ጥላ ተሸካሚዋ።

ያን ዕለት ማታ እርስዎ ለልጄ የላኩላትን ድምፅ በኋላ ሰምቼዋለሁ። ተሳስቃችሁብኝ እንደሆን ብዬ በቁጣ ነበር የከፈትኩት። እርስዎ ግን «የእናትሽ ስለት እኮ ሰምሯል። እኔን በዚያ መንገድ ላይ ያቆመኝ ማን ይመስልሻል?» ነው ያሏት። እንዲህ ካሉ በኋላ ሰው እንዴት አድርጎ ይጣላዎታል? መጣላት እንኳ ነሱኝ።

አምስተኛ፦ ለእኔ ጥብቅና ስለ መቆምዎ።

ከሁሉም የከፋው በደልዎ ይህ ነው። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የምሳ ሰዓቴን ሠውቼ እናንተን አዳመጥኩ። የፈለግሁት አንዲት ክፉ ቃል ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ «እናትሽ አትረባም» ቢሉ፣ አንድ ጊዜ «እኔ እሻልሻለሁ» ቢሉ፣ እስከ ዕለተ ሞቴ ልጠላዎት ተዘጋጅቼ ነበር። አልተገኘም። በየድምፁ መጨረሻ «ለእናትሽ ንገሪያት» ይላሉ። «ክፉ ሆና አይደለም፣ ፈርታ ነው» ይላሉ። «ስትወለጂ ስምንት ቀን ሙሉ አልተኛችም፣ ትንፋሽሽን ስትቆጥር ነው ያደረችው» ብለው እኔ የረሳሁትን ሁሉ ነገሯት።

እሷ ምን ብላ መለሰችልዎ? «እማዬ እኮ ስልኬን ነው የምታየው። ፊቴን ብታይ ኖሮ ሰሌዳ ለማየት ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ ታውቅ ነበር።»

ይህን ድምፅ አራት ጊዜ ከፍቼ ሰማሁት። አምስተኛውን መስማት አቃተኝ። ሱቁ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ማሽኑን አስነሥቼ ባዶ ወረቀት ኮፒ ሳደርግ ቆየሁ፣ ሰው ሲያልፍ ሥራ የያዝኩ እንዲመስል።

ክብርት ሆይ፣ ማርያማዊት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ ከውኃው የተቀበሏት እርስዎ ነዎት። ካህኑ ሲጠይቁ ስለ እሷ የመለሱት እርስዎ ነዎት፤ ማዕተቧ ሲታሰር የያዟት እርስዎ ነዎት። እኔ እርስዎን የመረጥኩት ጎረቤት ስለሆኑና የጠመመ ስፌት ፈትተው እንደገና ሲሰፉ ስለማይነጫነጩ ነበር። ቃል የሚገባው እንደ ወጉ መስሎኝ፣ ከዚያ በኋላ ለጥምቀት ቀሚስ ሰፍተው፣ ለፋሲካ ዶሮ በልተው የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። እርስዎ ግን የገቡትን ቃል አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳይረሱ ተገኙ። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ሌላ፣ ቸልተኛ የሆነች አበልጅ እመርጥ ነበር።

አሁን ወደ ሦስተኛው ልመለስ።

ማርያማዊት ነገሩን ያወቀችው በራሷ ብልሃት ነው። እርስዎ የሚልኩላት ድምፅ ገና ሳትነካው እንደተሰማ ሆኖ እየጠበቃት ተቸገረች። ገብታ ስታይ ቴሌግራሟ በሌላ ስልክም ክፍት ነው፤ የዚያን ስልክ ስም አወቀችው። አልጮኸችም፣ አላኮረፈችም፣ ስልኬንም ከዝርዝሩ አላወጣችውም። አንድ ድምፅ ላከችልዎት፤ ሰምተውታል፤ ለእህቶቻችን ግን እኔ ልጻፈው።

«እምዬ ይቅርታ፣ ይቺ ለአንቺ አይደለችም። እማዬ፣ እየሰማሽኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ነገ ስንለቀቅ ትምህርት ቤት በር ነይ። ወደ እኔ እንዳትመጪ፣ ከመንገዱ ማዶ ቁሚ። እጅሽንም አታንሺ።»

በማግስቱ የአንድ ከቁይ የመጣ ባለጉዳይ አቤቱታ መሀል ላይ አቋርጬ በሬን ዘጋሁ። ከትምህርት ቤቱ ትይዩ ጎሚስታው ጋ፣ የጎማ ክምር አጠገብ ቆምኩ። ደወሉ ተደወለ፤ አንድ ዓይነት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች እንደ ጎርፍ ወጡ። ልጄን በእግሯ አረማመድ ከሺህ ሰው እለያታለሁ እያልኩ የምፎክረው ሴትዮ፣ ያ ሁሉ ልጅ ሲያልፍ የእኔን ለይቼ ማውጣት አልቻልኩም። አስቀድማ ያየችኝ እሷ ናት። ከነመነጽሯ በሩ ላይ ቆመች። ጓደኞቿ እየገፏት ያልፋሉ፤ እሷ ግን አልተነቃነቀችም። ከዚያም ከመንገዱ ማዶ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ ለትልቅ ሰው እንደሚደረገው ከወገቧ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችኝ።

ከጥቅምት ጀምሮ ለአገሩ ሁሉ ስጠየቅበት የኖርኩትን ሰላምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእኔ ሰጠችኝ። ተሻግራ መጥታም «እማዬ፣ የሹራብሽ ሁለተኛ ቁልፍ ተፈትቷል፤ ከማዶ ሆኜ አየሁት» አለችኝ። ጎሚስታው ፊት፣ ጎማ የሚነፉት ሰዎች እያዩኝ፣ አለቀስኩ። ይህን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር፤ እሷ «ጻፊው» አለችኝ።

አዎን፣ ይህ ደብዳቤ ከመለጠፉ በፊት በማርያማዊት ተመርምሯል። እኔ የእሷን መልእክት ሦስት ወር ሳነብ ፈቃድ አልጠየቅኋትም፤ እሷ ግን የእኔን አንድ ደብዳቤ ለማንበብ «ልየው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀይ እስክሪብቶ ይዛ ተቀመጠች። ሦስተኛውን አቤቱታ ከላይ እስከ ታች ሰረዘችው፤ በዚያ ላይ የተጻፈው ጉዳይ የእርስዎና የእሷ ነው፣ ለማኅበር አይሆንም አለች፤ ለእኔም አይሆንም ነበር። እኔ ሰምቼዋለሁ። እንዳልሰማሁ መሆን እየተለማመድኩ ነው፤ በጣም ይከብዳል፤ ምናልባት የእኔ ቅጣት ይህ ሊሆን ይችላል። አንድ ቀን በራሷ አፍ ብትነግረኝ እንደ አዲስ ልደነግጥ ቃል ገብቻለሁ። ስልኬንም ከዝርዝሯ እዚያው ፊት ለፊቴ አወጣችው። «በፈቃዴ ነው ብለሽ ጻፊ» ብላኛለች፤ እንደምታዩት ጽፌያለሁ።

ስለዚህ ክብርት ሆይ፣ ከዚህ በታች ያሉትን ጥያቄዎቼን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። የስፌት መኪናዎ መሳቢያ ከዛሬ ጀምሮ ለክር ብቻ እንዲውል፣ መነጽሩም ከልጄ ጋር በእናቷ ቤት እንዲያድር እጠይቃለሁ። ልጅቷ ቅዳሜ ቅዳሜ እርስዎ ዘንድ መምጣቷን አልከለክልም፤ ብከለክልም እንደማይሆን ተምሬያለሁ፤ ነገር ግን እዚያ ሁሉንም አውርታ ጨርሳ ባዶዋን እንዳትመጣብኝ፣ እባክዎ ትንሽ ወሬ፣ ቢያንስ የድመቷን፣ ለቤቷ ያስተርፉልኝ። በተጨማሪም ሰውን ሳይከሱ «አላየሽኝም እንዴ?» ብሎ መጠየቅ እንዴት እንደሚቻል፣ ጊዜ ባገኙ ጊዜ፣ ማንም በማይሰማበት፣ ቢያስተምሩኝ ውለታዎን አልረሳም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አሁንም እንደምቀናብዎት በግልጽ ላሳውቅዎ እወዳለሁ። ንስሐ አባቴም ጠይቀውኝ ይህንኑ ነው የነገርኳቸው። «የሰው ነገር ስትመኚ ነው ኃጢአቱ» አሉኝ፤ እኔ ግን የተመኘሁት የራሴኑ ልጅ ነው፤ በየትኛው ኃጢአት እንደሚመደብ እስካሁን እያሰቡበት ነው።

ልጄን በውኃ ተቀብለው በመነጽር ለመለሱልኝ፣ ለማይደክመው ጆሮዎና ለቀሰሩት ጣትዎ ያለኝን ጥልቅ፣ መራራና እውነተኛ ምስጋና እየገለጽኩ፣

ከታላቅ አክብሮትና ከማይበርድ ቅናት ጋር
አበልጅዎ ሥራነሽ
አመልካችም፣ ጸሐፊም፣ ተከሳሽም

ግልባጭ፦
ለአቶ ዓለምነው፣ የሞባይል ጥገና፤ ከእንግዲህ «ላጽዳልሽ» ተብሎ የሚመጣ ስልክ ባለቤቱ አብሮ ካልመጣ እንዳይቀበል።
ለአቶ መሳፍንት፣ ደጀን መስመር፤ «ጠይቂያት» ላለው ምክር፣ ዘግይቶ ለደረሰ ምስጋና።
«ልጅሽ ጠግባለች» ላላችሁኝ ሁሉ፤ አሁን ከሩቅ ታያችኋለችና ከመንገዱ ማዶም ቢሆን ተጠንቅቃችሁ ሂዱ።

ማስታወሻ፦ ትናንት ማርያማዊትን ለክትትል ወስጃት ሳለ ሐኪሙ እኔንም ቁጭ አድርጎ መረመረኝ። የቅርብ ጽሑፍ ማየት እንደተሳነኝ ነገረኝና «ስልክ ታዘወትሪያለሽ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልጄ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ፍሬሙን የመረጠችልኝ እሷ ናት፤ አድርጌው ወደ እሷ ስዞር ትንፋሽ አጠራት፣ በአፍንጫዋ ወጣ፣ መጨረሻ ላይም «ወይኔ ሆዴን» አለች። ድምፁን አልቀዳሁትም። አይላክልዎትም።